የወጋ እንዳይረሳ፦ ጥሩ የመርፌ ናሙና ለመውሰድ ዝርዝር መመሪያ

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ የአንዲት ሴት ሁለት ጥንድ ስላይዶች፣ ማለትም ናሙና የተቀባባቸው መስታወቶች፣ ለንባብ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሱ። አንገቱ አንድ፣ እንቅርቱ አንድ፣ መርፌውም ከአንድ ካርቶን የወጣ ነው። የመጀመሪያው ጥንድ ደም ብቻ ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብፈልግ ምንም አጣሁ። በሁለተኛው ላይ የታይሮይድ ሕዋሳት በቡድን በቡድን ተቀምጠዋል፤ ውጤቱን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የወጉት እነማን እንደሆኑ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ መርፌ የያዘ ሐኪም ነው። ሁለተኛዋ የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም፣ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬዚደንቷ ጠዋት የወጋችውን ከሰዓት በኋላ በማይክሮስኮፕ ታያለች። አንጋፋው ሐኪም ስላይዱን ይልካል፤ ከሳምንት በኋላ «ናሙናው በቂ አይደለም» የሚል ወረቀት ሲመጣለት ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። በእኛ ሥራ የወጋው የሚረሳው ክፋት ኖሮበት ሳይሆን ያመጣውን የሚያይበት መንገድ ስላልተከፈተለት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ልምድ የምለው ሰው ወግቶ ያየውን ነው፤ ወግቶ የላከውን አልቆጥርም።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የወጣ ጥናት የጡት እብጠትን በቀጭን መርፌ የሚወጉ ሐኪሞችን አነጻጽሮ ነበር። በአወሳሰዱ መደበኛ ሥልጠና ያገኙት ሐኪሞች እጅ ያመለጠው ካንሰር 2 በመቶ ሲሆን፣ ሥልጠናውን ባላገኙት እጅ ያመለጠው 25 በመቶ ነበር። መርፌው ያው መርፌ ነው።

ይህን የምጽፈው በጅማና በዙሪያዋ ለሚሠሩ ኢንተርኖች፣ ሬዚደንቶችና ጠቅላላ ሐኪሞች ነው። ከአሠልጣኝ አጠገብ ቆሞ መማርን አይተካም። ነገር ግን ከሚዛን ወይም ከጋምቤላ አውቶቡስ ተሳፍሮ ለመጣ ሰው «አልበቃም፣ ተመለስ» ማለት ሌላ የትራንስፖርት ብርና ሌላ የአልጋ ኪራይ ማለት እንደሆነ አስታውሱ። ወቅቱ የቡና ለቀማ ከሆነማ ጭራሽ አይመለስም።

መጀመሪያ ጣት፣ ከዚያ መርፌ

የጥያቄ ወረቀቱን አንብቡ፤ ግን አትመኑት። «አንገት ላይ እብጠት» የሚል ወረቀት ንፍፊትም፣ እንቅርትም፣ የምራቅ ዕጢም ሊሆን ይችላል። በራሳችሁ ጣት ዳስሱ። ታካሚው ምራቁን ሲውጥ እብጠቱ አብሮ ከወጣና ከወረደ ታይሮይድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። መጠኑን በሴንቲ ሜትር ጻፉ፤ «የሎሚ ያህል» የሚለው መለኪያ እንደ ሎሚው ይለያያል።

ቀጥሎ የት እንደምትወጉ ወስኑ። ጀማሪው ሁልጊዜ መካከሉን ይወጋል። ትልቅ ዕጢ መካከሉ ብዙ ጊዜ የሞተ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ፍርስራሽ ምንም አይናገርም፤ ወደ ጠርዙ ሂዱ። ውኃ የቋጠረ ከሆነ ውኃውን አውጡና እንደገና ዳስሱ፤ የቀረ ጠጣር ነገር ካለ ዋናው ናሙና እሱ ነው፣ በአዲስ መርፌ ውጉት። ንፍፊቱ በብዙ ቦታ ካለ የብሽሽቱን የመጨረሻ ምርጫ አድርጉት። በባዶ እግሩ እርሻ ሲውል የኖረ ሰው ብሽሽት ከቁስልና ከእሾህ የተነሳ ያበጠ ንፍፊት አያጣም። የአንገቱ ወይም የብብቱ ይሻላል።

መርፌ የማይነካቸው

የሚመታ እብጠት ላይ መርፌ አይገባም፤ ጣታችሁ ሥር ትርታ ከተሰማችሁ አቁሙ። የወንድ ዘር ፍሬ ላይ ያለ ዕጢ፣ የኩላሊት አናት ዕጢ ሆኖ ደም ግፊት የሚያናጋ፣ ጉበት ላይ ያለና የሃይዳቲድ ጥገኛ ትል ከረጢት የሚመስል፣ በሕፃን አፍንጫ መነሻ ወይም ጀርባ መካከል ላይ ያለ እብጠት፤ እነዚህ ሁሉ በቅድሚያ አልትራሳውንድና የበላይ ሐኪም ይፈልጋሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ቀጭኑን መርፌ ከቆዳ ሥር ላለ እብጠት መጠቀም ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ሥጋ ቆርጦ የሚያወጣውን ወፍራሙን መርፌ ግን ሳታማክሩ አታንሱ።

የመርፌው ቀለም

መርፌው ቁጥሩ ከፍ ሲል ይቀጥናል። መያዣው ላይ ያለውን ቀለም ልመዱ፦ 21 አረንጓዴ፣ 22 ጥቁር፣ 23 ሰማያዊ፣ 25 ብርቱካናማ ነው። ለእንቅርት 25፣ ለንፍፊት 23 ወይም 25፣ ለጠንካራ ጡት 22 ወይም 23 ያዙ። «ወፍራም መርፌ ብዙ ሕዋስ ያመጣል» የሚለውን እርሱት። እንቅርት በደም ሥር የተሞላ ነው፤ አረንጓዴውን ስትሰዱበት የምታገኙት ደም ነው። ሲሪንጁ የ10 ሚሊ ሊትሩ ይበቃል።

ስላይዶቹ ላይ ከመውጋታችሁ በፊት ስምና ቁጥር ጻፉ፤ በእርሳስ ይሁን። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። እኔ ራሴ ስም የሌላቸው ሦስት ስላይዶች ፊቴ ተደርድረው ቆሜ አውቃለሁ፤ ሦስቱንም ሰዎች እንደገና ከመውጋት በቀር መፍትሔ አልነበረውም።

ከታካሚው ጋር

ብዙ ሰው «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ብሎ ያምናል። አትቆጡ፣ አትሳቁም። በቀጭን መርፌ መንገድ ዕጢ የመዝራቱ ነገር እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም እንደሆነ፣ ምንነቱን ሳያውቁ መቆየቱ ግን የሚያስከፍለው እንደሚበልጥ አስረዱ። «እማማ፣ ደም ሲቀዳ እንደሚያመው ያህል ነው፤ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ እንወጋለን» በሉ። ቁጥሩን አስቀድማችሁ ከተናገራችሁ ሁለተኛው ላይ እጃችሁን አይገፉም።

እንቅርት ስትወጉ ታካሚው መናገርም መዋጥም የለበትም። አማርኛ ለማይሰማ ሰው «ሂን ሊቂምሲና»፣ አትዋጡ ማለት ነው፣ የምትለውን ቃል ልመዱ። በጅማ አፋን ኦሮሞ የማያውቅ ወጊ ግማሽ እጁ ታስሮ እንደሚሠራ ነው።

መውጋት

ዋናው ሥራ እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

ቆዳውን በአልኮል ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እርጥብ አልኮል ያቃጥላል፣ ናሙናም ያበላሻል። በግራ እጃችሁ ሁለት ጣቶች እብጠቱን ከቆዳው ጋር ወጥራችሁ ያዙ። ይህን ጀማሪዎች ይንቁታል። ያልተያዘ ንፍፊት ከመርፌው ጋር አብሮ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እናንተ የወጋችሁ ይመስላችኋል፣ መርፌው ግን ምንም አልቆረጠም። ካየኋቸው ባዶ ስላይዶች ብዙዎቹ የቀኝ እጅ ጥፋት አይደሉም፤ የግራው ናቸው።

ሲሪንጁን ሳትስቡ ግቡ። እብጠቱ ውስጥ መድረሳችሁን መርፌው ይነግራችኋል፤ ጣታችሁ ላይ የሚሰማው ነገር ይለወጣል። ይህ ስሜት በመጽሐፍ አይገኝም፤ ምልክቶቹን ግን ልንገራችሁ። የስብ ዕጢ እንደ ቅቤ ነው፤ መርፌው ያለ ከልካይ ይሄዳል። የወጣት ሴቶች ካንሰር ያልሆነ የጡት ዕጢ እንደ ላስቲክ ይገፋችኋል። የጡት ካንሰር ፍሬ የበዛበት ዘይቱን ውስጥ መርፌ እንደ መስደድ ነው፤ ይንኮሻኮሻል። በቲቢ የበሰበሰ ንፍፊት አንዴ ይከለክልና ከዚያ ይለቃል፤ የሚወጣውም አይብ የመሰለ ነገር ነው። አይብ ወይም መግል ካያችሁ ከስላይዱ ሌላ ጥቂት ወደ ንጹሕ ብልቃጥ አስቀሩና ለጂን ኤክስፐርት፣ ለፈጣኑ የቲቢ ምርመራ፣ ላኩ። ንፍፊት ቲቢ በሚበዛበት አገር ይህን ማስቀረት የረሳ ወጊ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

አሁን ፒስተኑን ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሊትር ድረስ ሳቡና መርፌውን በአንድ መስመር ላይ ፈጠን ፈጠን አድርጋችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ፤ ከአሥር እስከ ሃያ ጊዜ ይበቃል። ሕዋሱን የሚቆርጠው የመርፌው ስለታም ጫፍ ነው፤ መሳቡ የተቆረጠውን ለመያዝ ብቻ ነው። እንዲያውም ለእንቅርት ጨርሶ ሳትስቡ መርፌውን ብቻ ይዛችሁ መውጋት ትችላላችሁ፤ ሕዋሱ በራሱ ወደ ቀጭኑ ቱቦ ይወጣል፣ ደሙም ይቀንሳል። ፓሪስ ውስጥ ዛዥዴላና ባልደረቦቹ ያስፋፉት ይህ ዘዴ ለጀማሪ እጅ ምቹ ነው፤ ሲሪንጅ ከሌለ ጣት መርፌው ላይ ይቀርባል፣ ስሜቱም ይጠራል።

አቅጣጫ መቀየር ከፈለጋችሁ ወደ ቆዳው ሥር መለስ በሉና እንደገና ግቡ፤ ውስጥ ሆናችሁ አትጠምዝዙ። የመርፌው መያዣ ውስጥ ነገር ከታየ በቃ፣ ውጡ። ሲጀምሩ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አሉ። የሚፈራው ቀስ ብሎ ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አድርጎ ይወጣል፣ ባዶ ያመጣል። የሚጓጓው ግማሽ ደቂቃ ይቆያል፣ ደሙ ሞልቶ ይረጋና ሕዋሱን ይውጠዋል።

ከመውጣታችሁ በፊት ፒስተኑን ልቀቁ። እዚህ ላይ የራሴን ውርደት ልናገር። በሥልጠናዬ የመጀመሪያ ወራት ናሙናዬ ሁሉ ባዶ ነበር፤ አወጋጌ ደግሞ፣ ለራሴ እንደሚመስለኝ፣ ጥሩ ነው። አንድ ቀን አስተማሪዬ ከኋላዬ ቆመው ከጨረስሁ በኋላ ሲሪንጁን ተቀበሉኝ፤ ፒስተኑን መዝዘው አወጡና የሲሪንጁ ግድግዳ ላይ የተረጨውን አሳዩኝ። «ምርመራህ ይኸውና» አሉኝ። እየሳብሁ ስለምወጣ ሁሉም ወደ ሲሪንጁ ሆድ እየተረጨ ይቀር ኖሯል። ስላይዱን ማየት ባዶ መሆኑን ነገረኝ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ለዚያ ሌላ ዓይን አስፈልጎኛል።

በተለያየ አቅጣጫ በድምሩ ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ውጉ። ሦስቴ ባዶ ከወጣ አራተኛውን በዚያው እጅ አትድገሙት፤ ወይ አልትራሳውንድ አስመጡ ወይ መርፌውን ለሌላ ሰው ስጡ። ከአንገት ሥር ካለው አጥንት (ክላቪክል) በላይና ደረት ላይ ስትወጉ መርፌውን ወደ ሳንባ አታቁሙት፤ ከደረቱ ግድግዳ ጋር አስተኝታችሁ ምሩት።

ስላይዱ ላይ፤ ጥሩ ናሙና የሚጠፋበት ቦታ

መርፌውን ከሲሪንጁ ፍቱ፣ ሲሪንጁን አየር ሙሉ፣ መልሳችሁ ግጠሙ። የመርፌው አፍ ስላይዱን ነክቶ አንዲት ጠብታ ያስቀምጥ፤ ከሩቅ አትርጩ። በሁለተኛው ስላይድ ደርባችሁ፣ በራሱ ክብደት እስኪሰፋ ጠብቃችሁ፣ ሳትጫኑ ጎትቱ። ጫና የበዛበት የንፍፊት ናሙና ሕዋሱ ተሰባብሮ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል፤ ያኔ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ይሁን ሌላ መለየት አይቻልም። ሳይሰፋ የቀረ ደግሞ ክምር ስለሆነ ብርሃን አያሳልፍም።

ከዚያ ፍጥነት ነው። ለፓፓኒኮላው ቀለም የሚሆነው ስላይድ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ በሴኮንዶች ውስጥ ይግባ፤ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይቆይ። አልኮሉን የሚያቀርብ ረዳት ከሌለ ብልቃጡን ከመውጋታችሁ በፊት ክፈቱት። ለጊምሳ ወይም ለራይት ቀለም የሚሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በአየር በፍጥነት ይድረቅ።

በጅማ ይህ «በፍጥነት» የሚለው ቃል ያስቸግራል። ከተማዋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ በሐምሌ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም፣ ስላይድስ? ቀስ ብሎ የደረቀ ሕዋስ ይኮማተራል፣ ኒውክሊየሱ ይደበዝዛል፣ አንባቢው ይሳሳታል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ በእጃችሁ አርገብግቡት፣ መብራት ካለ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ትንሽ ማራገቢያ ተጠቀሙ። ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት።

የፎርማሊን፣ ቁራጭ ናሙና እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፈሳሽ፣ ነገር ደግሞ አለ። ክፍት የፎርማሊን ብልቃጥ ከደረቁ ስላይዶች ጋር አንድ ትሪ ላይ አይቀመጥ፤ ትነቱ ብቻ የጊምሳን ቀለም ያበላሻል። የወፍራም መርፌ ናሙናና የቀጭን መርፌ ስላይድ በአንድ ፌስታል የሚልክ ክፍል አውቃለሁ፤ ስላይዶቹ ሁልጊዜ አመድማ አረንጓዴ ሆነው ይመጡ ነበር። ለወራት ቀለሙን ስንወቅስ ቆየን።

እዚያው ማየት

አንዱን ስላይድ ታካሚው አልጋ ላይ ሳለ በፈጣን ቀለም ነክራችሁ እዩት፤ ከአንድ ሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ለታይሮይድ የቤተስዳ መለኪያ የሚጠይቀው በደንብ የተጠበቁ ቢያንስ 6 የሕዋስ ቡድኖችን ሲሆን በየቡድኑ ቢያንስ 10 ሕዋሳት ይኑሩ ይላል። ከሌሉ ሰውየው ሳይለብስ ድገሙ። ይህ እዚያው ማየት ይበልጥ የሚጠቅመው በቂ ያልሆነ ናሙና በብዛት የሚያመጣውን እጅ ነው፤ ናሙናው ዘወትር የሚበቃለት እጅ እምብዛም ለውጥ አያይበትም። ስለዚህ «አዲስ ስለሆንሁ ማይክሮስኮፑን አላውቅበትም» ማለት ነገሩን መገልበጥ ነው።

ወፍራሙ መርፌ

ቆርጦ የሚያወጣው መርፌ ሌላ ሙያ ነው፤ የሚለየውን ብቻ ልጥቀስ። ለጡት ቁጥር 14፣ ለጉበት 16 ወይም 18 የተለመዱ ናቸው። ማደንዘዣ ይሰጣል፣ ቆዳው በትንሹ ይቀደዳል። መሣሪያው ሲለቀቅ ጫፉ ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት እንደሚዘል ሳታውቁ አትልቀቁት፤ ከዕጢው ጀርባ ያለው ሳንባ ወይም የደም ሥር ሊሆን ይችላል። ድምፁን አስቀድማችሁ ለታካሚው አሰሙት፤ ሳያውቀው ቀጭ ሲልበት ይደነግጣል፣ ሲደነግጥም ይንቀሳቀሳል።

የወጣውን ቁራጭ እዩት። ነጭና ፎርማሊኑ ውስጥ የሚሰምጥ የጡት ቁራጭ ተስፋ ይሰጣል፤ ቢጫ ሆኖ የሚንሳፈፍ ስብ ነው፣ ድገሙ። በመቆንጠጫ አትጨምቁት። ፎርማሊኑ ከናሙናው አሥር እጥፍ ይሁን። የጡት ናሙና ለሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ስለሚሄድ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ፎርማሊን ውስጥ ይቆይ፤ አርብ ማታ ተወስዶ ረጅም በዓል የሚጠብቀው ብልቃጥ እዚህ ላይ ችግር ነው። ለጉበት ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ለኩላሊት 10 ገደማ ግሎሜሩሎች (ደም የሚያጣሩት የኩላሊት ክፍሎች) ይፈለጋሉ። በጀማሪ እጅ የሚመጣው ጉበት ብዙ ጊዜ አጭርና የተሰባበረ ነው፤ አንዳንዴ ታካሚው ትንፋሹን ሳይዝ መርፌው ስለሚገባ።

ደብተሩ

ባለ ካሬ ደብተር ግዙ። ለእያንዳንዱ ሰው ቀን፣ ቦታ፣ የመርፌ ቁጥር፣ ስንቴ እንደወጋችሁና ስላይዱ ምን እንደሆነ ጻፉ። ስም አትጻፉ፣ የላቦራቶሪ ቁጥር ይበቃል። በቂ ያልሆነው ለምን እንዳልበቃ በአንድ ቃል መዝግቡ፦ ደም፣ ባዶ፣ ወፍራም፣ የተሰባበረ፣ የደረቀ። ሁለት ወር ሲሞላ ቃላቱ ራሳቸው ይናገራሉ። «ደም» ከበዛ ውስጥ ትቆያላችሁ፣ «ባዶ» ከበዛ ግራ እጃችሁን ተጠራጠሩ፣ «የደረቀ» ከበዛ የአልኮሉ ብልቃጥ ሩቅ ነው።

ከዚያ መስመር ሳሉ። ለእንቅርት በቂ ያልሆነው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። እያንዳንዱ በቂ ናሙና አንድ ካሬ ወደ ታች፣ እያንዳንዱ በቂ ያልሆነ ዘጠኝ ካሬ ወደ ላይ፤ ሁልጊዜም አንድ ካሬ ወደ ቀኝ። ዘጠኝ መልካም አንድ ክፉን ይሽራል ማለት ነው። መስመሩ አግድም ከሄደ ልክ 10 በመቶ ላይ ናችሁ፣ ከወረደ ትሻላላችሁ። ሁለት በቂ ያልሆነ ናሙና ተከታትሎ ቢመጣ አትደንግጡ፤ በሃያ ሰው ውስጥ ዕድል ብቻውን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። እየወጣ ከቀጠለ ግን ከጎናችሁ የሚቆም ሰው ጥሩ፤ የሃያ ዓመት ሐኪም ብትሆኑም። ከረጅም ዕረፍት ስትመለሱም እንዲሁ፤ እጅ ይዝጋል።

ስላይድ ለምናነብ ሰዎችም አንድ ነገር አለ። «በቂ አይደለም» ብቻ ብለን አንጻፍ። ምክንያቱን እንጻፍ፤ ወጊው በር ላይ ሲያልፍ ጠርተን ሌንሱን እናስይዘው። አንጋፋውን ሐኪም እንዲሁ አድርጌ ነበር። ስላይዱን ረጅም ጊዜ ካየ በኋላ «ይህ ሁሉ ደም የኔ ነው?» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ብርቱካናማ መርፌ ጠየቀ።

የራሴ መስመር ወደ ላይ ሲያይ የማደርገው ይህ ነው። መርካቶ ከሚገኝ ሥጋ ቤት ሩብ ኪሎ ጥሬ ጉበት እገዛለሁ። በጓንት ይዤ፣ በ25 ቁጥር፣ ሳልስብ አሥር ጊዜ እወጋለሁ፣ አሥር ስላይድ እቀባለሁ፣ ቀለም ነክሬ አያቸዋለሁ። የጉበት ሕዋስ ትልቅና ግልጽ ስለሆነ ስሕተትን አይሸሽግም፤ ስጫን ሲሰባበር፣ ስዘገይ ሲደርቅ አያለሁ። አዲስ ሬዚደንት ሲመጣም ሰው ከመንካቱ በፊት እዚሁ ነው የማስጀምረው። ባለ ሥጋ ቤቱ ታዲያ ጥሬ ጉበት ወዳድ እንደሆንሁ አምኗል። እኔም አላስረዳሁትም። ጉበቱን ሲጠቀልልልኝ ሚጥሚጣ በትንሽ ወረቀት ለብቻ ይጨምርልኛል።